ስለ አራተኛው ረድፍ ሁለት ጤነኛ ወንበሮች

ለክቡር የአየር መንገዳችን የተሳፋሪዎች ምቾት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ለመሆኑ ወገብዎ እንደምን ሰነበተልዎ? አንገትዎስ? ትከሻዎስ? ጉልበትዎን ብርድ አላገኘውም? የሰው ጤና በጅምላ እንደሚጠየቅ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ሃያ ሦስት ዓመት የአውሮፕላን ወንበር ስጠግን ስለ ኖርኩ ሰውንም በየመገጣጠሚያው መጠየቅ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ ጎንዎም የደላው ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔና ባለቤቴም፣ ባይጠይቁንም፣ አለን።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ አደራ እላለሁ። በመጀመሪያ ወደ ቢሮዎ መጥቼ ነበር፤ ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» አለችኝ። በሌላ ሳምንት ስመለስም ያው ስብሰባ አላለቀም። ቀጥዬ በጽሑፍ አመለከትኩ፤ «አስተያየትዎ ለእኛ እጅግ ውድ ነው» የሚል፣ ከሥሩ የማንም ፊርማ የሌለበት መልስ ደረሰኝ። በመጨረሻ ስልክ ደወልኩ፤ ተራዬን እንድጠብቅ ከተነገረኝና ዘለግ ያለ ሙዚቃ ከሰማሁ በኋላ መስመሩ ተቋረጠ። ስለ ሙዚቃው አመሰግናለሁ። በር ሁሉ ሲዘጋበት ሰው በመስኮት ይጣራል እንጂ ምን ያደርጋል?

ነገሩን ሳያውቁ ይህን ለሚያነቡ ሰዎች ስል፣ ማን ለማን እንደሚጽፍ አስቀድሜ ልናገር። እኔ በአየር መንገዱ ወርክሾፕ የቢዝነስ ክላስ ወንበሮችን የምጠግን ሠራተኛ ነኝ። እነዚህ ወንበሮች ቁልፋቸው ሲነካ ጀርባቸው ይወርዳል፣ የእግር ማሳረፊያቸው ይነሣል፣ መቀመጫቸው ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ሦስቱ ሲገናኙ ወንበርነታቸው ቀርቶ አልጋ ይሆናሉ። ሦስቱ በጣት ውፍረት ከተዛነፉ ግን ተሳፋሪው መንገዱን ሁሉ ጎኑን ሲወጋው ይጓዛል። ስለዚህ ደንቡ፣ ጠጋኙ ራሱ አሥር ደቂቃ ተኝቶበት ሳያረጋግጥ አይፈርምም ይላል። ጎረቤቶቼ «ተኝቶ የሚከፈለው ሰውዬ» የሚሉኝ በዚህ ምክንያት ነው።

ክቡርነትዎም ከመሾምዎ በፊት ከእኔ ቀጥሎ ባለው ጠረጴዛ የሚሠሩ ባልደረባዬ ነበሩ። አንተ ተባብለን፣ ከአንድ የምሳ ዕቃ በልተን፣ አንዱ ካቻቢቴ ሲጠፋው ሌላው ኪስ ገብቶ እየፈለገ ስምንት ዓመት ኖረናል። በዚያን ጊዜ ወርክሾፑ ሁሉ «ውሃልክ» ብሎ ይጠራዎት ነበር፤ የተዘረጋ ወንበር ባዩ ቁጥር ውሃልክዎን ከኪስዎ አውጥተው ሳያስቀምጡበት ስለማያልፉ፣ አረፋዋም መሐል ላይ ካልቆመች እህል ስለማይቀምሱ ነው። ይህን ስም ያወጣሁልዎ እኔ መሆኔን ዛሬ ሳስበው ስም የማውጣት ችሎታዬን እጠራጠራለሁ።

አዲሶቹ ወንበሮች የመጡ ዕለት ትዝ ይልዎታል? ሁለት ወንበር ጎን ለጎን ገጥመን፣ ዘርግተን፣ የሥራ ልብሳችንን እንደ ለበስን ተኛንባቸው። የወርክሾፑን ጣሪያ እያዩ፣ «አንተ ሰውዬ፣ እኔ አንድ ቀን ሹመት ባገኝ፣ አንተንና የቤት እመቤትህን እዚህ ላይ ጎን ለጎን አስተኝቼ ባሕር ካላሻገርኩ ሰው አይደለሁም» አሉኝ። እኔም ሳቅሁ። መሐላው ውስጥ የገባችውን «ሰው አይደለሁም» የምትለዋን የመጨረሻ ቃል ያኔ ልብ አላልኳትም ነበር።

ሹመቱ መጣ። አንዴ የፈረቃ ኃላፊ፣ አንዴ የክፍል ኃላፊ፣ ከዚያም ፎቅ ላይ። በሰማሁ ቁጥር ደስ ብሎኛል፤ የመጨረሻውን ሹመት በሰማሁ ዕለትማ ወርክሾፑ መሐል ቆሜ እልል ብያለሁ። ወንድ ልጅ እልል አይልም ያሉኝን ሁሉ፣ «የራሴ ሰው ሲሾም ዝም ልበል?» ብዬ አሳፍሬያቸዋለሁ።

ባለቤቴ መምህርት ናት። ሃያ ስምንት ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምራለች፤ ያም ማለት ሃያ ስምንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆማለች፣ የትንንሽ ልጆች ጠረጴዛ ላይ አጎንብሳለች። ወገቧን ማመም ከጀመራት ዓመታት ቢሆኑም፣ «ሲደክመኝ ነው» እያለች አታልላኛለች። አንድ ቀን ግን ከትምህርት ቤት በአንድ ጫማ መጣች። «ሌላውስ?» አልኳት። ወደ እግሯ ተመለከተች፤ ደነገጠች። ጫማው መንገድ ላይ ሲወልቅ ግራ እግሯ አልነገራትም።

ሐኪሙ ከአከርካሪዋ አጥንቶች መካከል የወጣ ነገር ነርቯን እየተጫነ መሆኑን በፎቶ አሳየን። ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራ ሰው ያለው በሌላ አገር፣ የአሥራ ሦስት ሰዓት በረራ ርቀት ላይ ነው። «መቀመጥ የምትችለው ግማሽ ሰዓት ነው» አለ ሐኪሙ። «ከዚያ በላይ ነርቩ አይችልም። ተኝታ ትሂድ፤ አለዚያ አትሂድ።»

ከወርክሾፕ ሠራተኞች ሃያ ዓመት ያገለገለ፣ የእርስዎ ቢሮ ከፈቀደለት፣ በዕድሜው አንድ ጊዜ ከትዳር ጓደኛው ጋር በቢዝነስ ክላስ የመጓዝ መብት አለው። ማመልከቻዬን ይዤ መጣሁ። ከመቀመጫዎ ተነሥተው አቀፉኝ። የሐኪሙን ወረቀት እስከ መጨረሻው አነበቡ። ከዚያ በራስዎ እስክሪብቶ «ይፈቀድ፤ አራተኛ ረድፍ፣ ጎን ለጎን» ብለው ጻፉና፣ «ይሄ ወንበር ለእሷ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው?» አሉኝ። ሊፍት ውስጥ ብቻዬን ስሆን አለቀስኩ። የተጠራጠርኩበትን ጊዜ ሁሉ ይቅር በለኝ ብዬ ለአምላኬ ነገርኩት። የጠየቅኩትን ይቅርታ አሁን እንዴት እንደሚመለስ ቢያውቁ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

እንግዲህ የመሥሪያ ቤታችን ቅጽ «ቅሬታ በተራ ቁጥር ይቅረብ» ስለሚል፣ እኔም ደንብ አክባሪ ስለሆንኩ፣ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ አራቱ ደቂቃዎች አመሰግናለሁ።

በጠዋት በረራ ተሳፈርን። ባለቤቴ አራተኛው ረድፍ ላይ ስትደርስ ወንበሩን በመዳፏ ዳሰሰችው። «ይሄን ነው ስትሠራ የኖርከው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «እኔ እኮ ብሎን ብቻ የምታጠብቅ ይመስለኝ ነበር።» ሌላው ተሳፋሪ ገና እየገባ ስለ ነበር ቁልፉን ተጭኜ ዘረጋሁላት። ተኛች። ሰባት ወር ሙሉ ቅንድቧ መሐል ተቋጥራ የቆየችው መስመር ስትፈታ በዓይኔ አየሁ። ወንበሩን ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት የፈተሽኩት ራሴ ነበርኩ፤ ሆኖም በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ምን እንደምሠራ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

አራት ደቂቃ ያህል እንደ ቆየን የካቢን ኃላፊዋ ወረቀት ይዛ መጣች። «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እነዚህ ሁለት ወንበሮች ብልሽት አለባቸው ተብሏል። ለደኅንነትዎ ስንል ወደ ኋላ እናዛውርዎታለን» አለች። ባለቤቴ እንደ ተኛች ቀና ብላ አየቻትና፣ «ልጄ፣ የተበላሸው የቱ ነው? ተኝቼበታለሁ እኮ» አለቻት። እኔም ማን እንደሆንኩ ተናግሬ፣ መታወቂያዬን አሳይቼ፣ ሁለቱንም ወንበሮች ሦስት ሦስት ጊዜ አንሥቼ አወረድኳቸው። እንደ ሰዓት ይሠራሉ። ልጅቷ ዓይኗን ሰበር አደረገች። «ገብቶኛል ጋሼ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ግን ከላይ የመጣ ነው።»

ሰው አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጦ «ከላይ» ሲባል መጀመሪያ የሚያስበው እግዚአብሔርን ነው። እኔም ለጥቂት ጊዜ ምን በደልኩት ብዬ አሰብኩ።

ምርጫው ሁለት ነበር፤ ወይ መውረድ፣ ወይ ወደ ኋላ መሄድ። የቀዶ ሐኪሙ ቀጠሮ በማግስቱ ነው፤ ያ ቀን ካለፈ ሌላ ቀጠሮ ከስድስት ወር በኋላ ነው። ባለቤቴ ክንዴን ይዛ ተነሣች። «እንሂድ፤ ልጅቷን አታስጨንቃት» አለችኝ።

ሁለተኛ፤ ስለ አርባ አንደኛው ረድፍ አመሰግናለሁ።

ያን ረድፍ አውቀዋለሁ። ከኋላው የመጸዳጃው ግድግዳ ስላለ ወንበሩ አንዲት ጣት እንኳ ወደ ኋላ አይልም። ግማሽ ሰዓቷን ጨርሳ ሌላ ግማሽ ስትጀምር ባለቤቴ እጄን ያዘች፤ ጥፍሯ እስኪገባ ድረስ። ድምፅ አላሰማችም። የአንደኛ ክፍል መምህራን ሲያማቸው ልጆች እንዳይደነግጡ ድምፅ አያሰሙም፤ ያ ልማድ አውሮፕላን ውስጥም አልለቀቃት።

ከእኛ ጋር በረድፉ ሦስተኛ ሆኖ የተቀመጠው አንድ ግዙፍ ሰው ነበር፤ የከባድ መኪና ሹፌር መሆኑን በኋላ ነገረን። ፊቷን አየና፣ «ወንድሜ፣ እመቤቲቱ ምን ሆነው ነው?» አለኝ። ነገርኩት። ቀበቶውን ፈትቶ ተነሣ። «እባክህ ተቀመጥ» ስለው፣ «እኔ እንደሆነ ሠላሳ ዓመት ስቀመጥ ነው የኖርኩት፤ ዛሬ ብቆም ምን እሆናለሁ?» አለኝ። እኔም ተነሣሁ። በመተላለፊያው በኩል ባለው የክንድ ማሳረፊያ ሥር ብዙ ሰው የማያውቃት ትንሽ ቁልፍ አለች፤ እሷን ተጭኜ የክንድ ማሳረፊያዎቹን ሁሉ አነሣሁ። ሦስቱ ወንበሮች አንድ ሆኑ። ባለቤቴ ጉልበቷን አጥፋ በጎኗ ተጋደመች።

አስተናጋጆቹ መጡ። ሰው መተላለፊያ ላይ ቆሞ መጓዝ አይችልም አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ያን ጊዜ ከወዲያ ማዶ የተቀመጡ ጡረታ የወጡ ነርስ፣ «እንግዲያው በተራ እንነሣለን፤ አንዱ ሽንት ቤት፣ አንዱ እግሩን ሊያፍታታ፣ ሌላው የሰውን ወንበር ሊያሞቅ። ይሄም ክልክል ነው?» አሏቸው። ክልክል መሆኑን የሚያውቅ አልተገኘም። አንዲት ተማሪ ተነሣች። አዲስ ተጋቢዎች ተነሡ። ወንበር ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ጀመር።

ባለቤቴ ይህ ሁሉ በግርግር ሲሆን ሊያስችላት አልቻለም። በጎኗ እንደ ተጋደመች እስክሪብቶ ጠየቀች፤ ማስታወክ ለሚይዘው ሰው በምትቀመጠው የወረቀት ከረጢት ላይ መስመር አሰመረችና የተራ ፕሮግራም አወጣች። ለእያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት። «ሙሽሮቹ አንድ ላይ ይሁኑ፤ ሹፌሩ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሁለት ጊዜ እንዳይደርሳቸው።» ተማሪዋ ያለ ተራዋ ስትነሣ፣ «ተቀመጪ፣ ገና አልተጠራሽም!» ብላ ተቆጣቻት። ረድፉ ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ወዲያው ግን ከንፈሯን ነከሰች።

የቀበቶ ምልክት ሦስት ጊዜ በራ። አየሩ ሲናወጥ ሁሉም በየቦታው ቀጥ ብሎ መቀመጥ ግዴታው ነው፤ እሷም ጭምር። ሦስቱን ጊዜ ልገልጽልዎ ሞክሬ ሁለት ገጽ ቀድጃለሁ። ይለፈኝ።

ሦስተኛ፤ ስለ ትራሱ አመሰግናለሁ።

ጉዞው ከተጋመሰ በኋላ ከጉልበቷ በታች የምታደርገው ትራስ ለመጠየቅ ወደ ፊት ሄድኩ። ኋላ ያለው አልቆ ነበር። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ገባሁ። የመስኮቱ መዝጊያዎች ሁሉ ወርደው ክፍሉ ደብዘዝ ብሏል። ዓይኔ ሳላዘው አራተኛው ረድፍ ላይ አረፈ፤ እርስዎን አየሁ።

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ለካ እዚሁ አሉ፣ አልነገሯቸውም እንጂ ቢያውቁ ኖሮ አንድ ደቂቃ አያስቀምጧትም ነበር፣ አሁን ተገላገልን አልኩ። እግሬ ሁለት እርምጃ ከተራመደ በኋላ ነው ሐሳቤ የደረሰበት።

ባለቤቴ አራት ደቂቃ የተኛችበት ወንበር ላይ ነበሩ፤ ተዘርግተው፣ ዓይንዎን በጨርቅ ሸፍነው። በጎንዎ ያለውም ወንበር፣ ያ ሌላው የተበላሸ ወንበር፣ እስከ መጨረሻው ተዘርግቶ ነበር። እሱ ላይ ደግሞ ኮትዎ ተኝቷል። እጅጌዎቹ በግራና በቀኝ ተስተካክለው፣ ከአንገቱ ሥር ትራስ ተደርጎለት፣ ቀበቶው እንኳ ታስሮለት።

የካቢን ኃላፊዋ ከኋላዬ ደረሰች። ምንም ሳልጠይቃት፣ «ነገ ንግግር ስላላቸው እንዳይጨማደድ ብለው ነው» አለችኝ። መስቀያ የለም ወይ አልኳት። «መስቀያ ትከሻውን ያበላሸዋል አሉ።» ንግግሩ ስለ ምን እንደ ሆነ አልነገረችኝም፤ በኋላ በመጽሔታችን ላይ አነበብኩት። «ረጅም በረራና የሰው ልጅ ክብር» ይላል። ፎቶግራፉ ላይ ኮቱ በጣም ያምራል። አንድ መስመር እንኳ የለበትም።

ቆሜ ሳለሁ ተንቀሳቀሱ። ጨርቁን ከአንድ ዓይንዎ ላይ ገለጥ አደረጉ። አየሁዎት፤ አዩኝ። ክቡር ሆይ፣ በዚህች ቅጽበት ውስጥ ብዙ ነገር ሊሉ ይችሉ ነበር። «አላወቅሁም» ቢሉኝ፣ ምንም እንኳ ረድፉን የጻፈው የራስዎ እጅ ቢሆን፣ አምንዎት ነበር። «ተነሥ ሂድ» ቢሉኝም ቢያንስ ሰው ያናገረኝ ይመስለኝ ነበር። እርስዎ ግን ጨርቁን መልሰው ዓይንዎ ላይ አደረጉና፣ ብርድ ልብስዎን ሰብስበው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ከዚያ የወጣሁት ከኮትዎ አንገት ሥር የነበረውን ትራስ ይዤ ነው። ማን መዝዞ እንደ ሰጠኝ አልናገርም፤ የእንጀራ ነገር ነው። ሰው መቅጣት ካስፈለገ እኔ ሰርቄዋለሁ ብለው ይመዝግቡ።

አራተኛ፤ ስለ መጠይቁ አመሰግናለሁ።

ባለቤቴ ከአውሮፕላኑ የወረደችው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። የቀዶ ሐኪሙ አይቷት፣ እብጠቱ እስኪቀንስ ቀጠሮውን በዘጠኝ ቀን አራዘመው። ከዚያም ሠራላት። ሕመሙ ሄደ፤ ግራ እግሯ ግን ከቁርጭምጭሚቷ በታች አልተመለሰላትም። መንገዱ ነው ወይ የጎዳት ብዬ ጠየቅሁት። «እሱን ማንም በእርግጠኝነት ሊነግርህ አይችልም፤ ቀድሞም ሞቶ ሊሆን ይችላል» አለኝ። ስለዚህ ሐኪሙ በእርስዎ ላይ ያልጣለውን ጥፋት እኔ አልጥልብዎትም። እኔ የማውቀው ያየሁትን ብቻ ነው።

ገና ሆስፒታል ሳለች በስልኬ ላይ የመሥሪያ ቤትዎ መልእክት ገባ። «በሙሉ መኝታ ወንበራችን ላይ ያደረጉት ጉዞ ምን ያህል ተመቸዎት? ከአንድ እስከ አምስት ይመድቡ» ይላል። ለባለቤቴ አነበብኩላት። ዕድሜዋን ሙሉ የልጆች ደብተር ስታርም የኖረች ሴት አይደለች፣ «ዜሮ የለውም?» አለችኝ። የለውም አልኳት። «እንግዲያው ፈተናውን ያወጣው ሰው መውደቅ ፈርቷል» አለች።

ዛሬ ተቀምጣ ታስተምራለች። ሰሌዳው ዝቅ ብሎ ተሰቅሎላታል፤ ልጆቹ ደብተራቸውን ይዘው ወደ እሷ ይመጣሉ። ከልጆቹ አንዱ፣ «መምህርት፣ እግርሽ ለምን ይተኛል?» ሲላት፣ «ረጅም መንገድ ስለ ሄደ ነው» ብላዋለች።

አምስተኛ፣ ወይም ስድስተኛ፤ ቁጥሩ እዚህ ላይ ተምታቶብኛል።

ባለቤቴን አራት ወር አስታምሜ ወደ ሥራዬ ስመለስ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ፖስታ አገኘሁ። የብልሽት መዝገቡን ገለጥኩ፤ «አራተኛ ረድፍ፣ ሁለት ወንበሮች፣ አይዘረጉም፤ ምክንያት፦ የጥገና ጉድለት» ይላል። ከጎኑ የእኔ ስም። ፖስታው ውስጥ ያለው በእርስዎ የተፈረመ ማስጠንቀቂያ ነበር። ሰው ከወንበር ለማንሣት ወንበሩ መበላሸት ነበረበት፤ ወንበሩ ከተበላሸ ደግሞ ያበላሸው ሰው መገኘት ነበረበት። ነገሩ ሲታይ አንዱ ሌላውን ይዞ እንደሚሄድ የማርሽ ጥርስ ነው፤ ያለ እንከን ይሠራል።

ሃያ ሦስት ዓመት ማስጠንቀቂያ ተቀብዬ አላውቅም። የወርክሾፑ ኃላፊ ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ «ፈርምና ይለፍ፤ ዝም አይነቅዝም» አለኝ። «ዝም ባይነቅዝም ሰው ይነቅዛል» አልኩት። ሌሎቹ ባልደረቦቼ አቀርቅረው ብሎን ያጠብቃሉ፤ ያን ዕለት በወርክሾፓችን ያልጠበቀ ብሎን አልነበረም። አልፈርድባቸውም፤ ሁሉም ቤት ልጅ አለ።

እስከዚያ ቀን ድረስ መጋረጃው ጀርባ ያየሁትን ለባለቤቴ አልነገርኳትም ነበር። አራት ወር በሆዴ ይዤው ኖርኩ። በዚያን ዕለት ግን ከሥራ ስመጣ ፊቴን አይታ፣ «ማን ሞተ?» አለችኝ። ነገርኳት። ስለ ኮቱ ስትሰማ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ፣ ጎኗን እስክትይዝ ሳቀች። «ቀበቶውንም አስረውለታል?» እያለች ደጋግማ ትጠይቀኛለች። ከዚያ እንባዋን ጠረገች።

«ኮቱስ ይሁን» አለች፤ «ኮት ነፍስ የለው፣ ማን እንደ ተነሣለት አያውቅ። ሰውየው ግን አይቶህ ነበር?»

«አይቶኛል።»

«ካየህ በኋላ ነው የተሸፈነው?»

«አዎ።»

ረጅም ጊዜ ጉልበቷን ስታሽ ቆየች። እርስዎ ቤታችን ስንት ጊዜ እንደ መጡ፣ የመጀመሪያ ልጅዎ ሲወለድ ማን ሲሮጥ እንደ ዋለ አላነሣችም። ልታነሣ ትችል ነበር። «እንግዲያው ጻፍ» አለችኝ ብቻ።

ክቡር ሆይ፣ ካሳ አልጠይቅም፤ ሌላ ትኬትም አልፈልግም፤ ይቅርታ ቢሉኝም የት እንደማስቀምጠው አላውቅም። የምጠይቀው አንድ መስመር ነው። የብልሽት መዝገቡን አስከፍተው ስለ እኔ የተጻፈውን ይሰርዙና በምትኩ፣ «ሁለቱም ወንበሮች ጤነኞች ነበሩ» ብለው በራስዎ እጅ ይጻፉ። እኔ ቤቴን የሠራሁት፣ ልጆቼን ያሳደግሁት፣ ሰው ፊት ቀና ብዬ የሄድኩት የሠራሁት ወንበር ስለሚዘረጋ ነው። ወዳጄን ውሃልክን ወስደዋል፤ እሱ የእርስዎ ስለ ነበር መውሰድ ይችሉ ይሆናል። ሥራዬ ግን የእኔ ነው። የሥራ መልቀቂያዬን ባለፈው ሰኞ ስላስገባሁ መስመሩን ቢጽፉልኝም ባይጽፉልኝም ከእንግዲህ ወርክሾፑ ውስጥ አያገኙኝም። አርባ አንደኛው ረድፍ ግን እኔ የማልረሳቸው ሰዎች አሉበት፤ ሹፌሩ እስከ ዛሬ በየሳምንቱ ይደውልልናል።

የልብስዎ ስፌት አይተርተር፣ ንግግርዎ ጭብጨባ አይጣ፣ ስብሰባዎም አይለቅ እያልኩ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ ባላነሰ ሐዘን ጋር፣ በአንድ ወቅት አንተ ይልዎት የነበረው፣ ዛሬ ግን እርስዎ ማለት የቀለለው፣

የወንበር ጠጋኝ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ መልቀቂያዬን ካስገባሁ በኋላ በመጨረሻ የመጣልኝ ሥራ የአንደኛው ረድፍ የመስኮት ወንበር ነው። ትእዛዙ ላይ «ለክቡር ኃላፊው የሚመጣው ሳምንት ጉዞ፣ በአስቸኳይ» ይላል። ባልደረቦቼ ይህን ሲያዩ እጄን እጄን ሲመለከቱ ዋሉ። አይስጉ። የወንበሩን ሞተር አውርጄ አጽድቻለሁ፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጥብቄያለሁ፣ አሥር ደቂቃ ተኝቼበት ፈርሜያለሁ፤ ሌላ ዓይነት አሠራር እጄ አልተማረም። ወንበሩ ላይ የቀረ እንከን የለም። ስለዚህ በመንገድ እንቅልፍ እምቢ ቢልዎት፣ ክቡር ሆይ፣ ከወንበሩ አይደለም።